ጠረጴዛሽ ባዶ ይሁን

መስከረም 21

ለእትዬ፣

በወጉ እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር እልና እጄ ወደ ወሬው ይሮጥብኛል። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ልጅዎ ሾፌሩስ ከመንገድ ገባ? ምራትዎን ይሳሙልኝ። ዝምታዬን ይቅር ይበሉኝ፤ ረስቼዎት እንዳይመስልዎት፣ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ጠፍቶኝ ነው። ስልክ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ግን የማሽኑ ጩኸት ጆሮዎን ስለወሰደው ለእርስዎ የምናገረውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

«የሰማሁት እውነት ነው ወይ?» ላሉኝ፣ አዎ፣ እውነት ነው። የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ። ይህን የምጽፍልዎ እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ በተቀመጡባት፣ አንድ እግሯ በምትወላገደው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እልል ይበሉ፤ ሲጨርሱ ግን ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ።

ባለ ፋብሪካው በተሾምኩ ማግስት ጠርቶ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝና በሩን ዘጋው። የተማሪ ቦርሳ እዚህ ከመስፋት ያለቀለትን ከውጭ አስመጥቶ ስማችንን ለጥፎ መሸጥ ይሻለኛል አለ። ሥራችን ሁሉ ብክነት ነው፤ የተሰፋው ይተረተራል፣ የተተረተረው ተመልሶ ይሰፋል፣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እስከ ሚያዝያ ለውጥ ካላየሁ አዳራሹን መጋዘን አደርገዋለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እትዬ፣ አዳራሹ መጋዘን ሆነ ማለት ያሳደጓቸው ሰፊዎች ሁሉ ከነተርታሪዎቹ ደጅ ወጡ ማለት ነው። ከሴቶቹ አልደበቅኩም። ነገርኳቸው፤ ፈሩ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ፈራሁ።

ብክነት መቀነስ ያስተምረናል የተባለ አሠልጣኝ መጥቷል። ትምህርቱን ካይዘን ይለዋል። ሲያስብ እርሳስ ያኝካል፤ ሴቶቹ ገና በመጀመሪያው ቀን «እርሳስ በል» የሚል ስም አውጥተውለታል። እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ የባሰ ስም ያወጡለት ነበር። ዚፕ ላይስ ማንን ላስቀምጥ?

ያሳደጓት ልጅዎ


ጥቅምት 9

ለጉንዳኔ፣

እልልታዬን ሰምታ ምራቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ ቤት የተቃጠለ መስሏት። ሾፌሩ በደህና ገብቷል። ጉልበቴ እንደ አየሩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይከፋል፣ አንዳንድ ቀን ይስቃል። ስለ እኔ አታስቢ።

ዚፕ ላይ ማንን ላስቀምጥ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ዓይነ አፋሯን አስቀምጫት። ሰው ዝምታዋን እያየ ሞኝ ያደርጋታል እንጂ ከዓይኗ የሚያመልጥ ጠማማ ስፌት የለም። ማሽኗን ወደ መስኮቱ አዙሪላት። ፈጣን ነኝ ባይዋን ግን ዚፕ አታስነኪያት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ባለ ፋብሪካውን እንደዚህ አትፍሪው። አባቱም ነፍሱን ይማረውና ስንቴ አዳራሹን በአፉ ዘግቶ በአፉ ከፍቶታል። ብቻ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ ክምሬን ጠብቂ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን መደርደሪያ እኔ ነኝ ያሠራሁት። ከጠረጴዛዋ አጠገብ የተከመረ ሥራ የሌላት ሰፊ ሰፊ አትባልም እያልኩ ነው ያስተማርኳቸው። መብራት ሲጠፋ፣ ቆራጮቹ ሲለግሙ፣ ማሽን ሲሰበር ያዋለን ያ ክምር ነው። ሟቹ ጌታ እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነበር፤ አጠገቡ ቆመን የተነሳነው ፎቶግራፍ ይኸው ግድግዳዬ ላይ አለ።

እርሳስ በል እርሳሱን ይብላ፤ አንቺስ ጠግበሽ ትበያለሽ ወይ? ክምሬ ግን እንዴት ነው? ደርሷል ወይ ጣሪያ?

አክስትሽ


ኅዳር 2

ለእትዬ፣

ጠግበሽ ትበያለሽ ወይ ላሉኝ፣ እበላለሁ። ምሳዬን ባለቤቴ ራሱ ይቋጥርልኛል፤ ሹመቴ ለእሱ ሥራ ጨመረበት እያለ ያላግጣል። ዓይነ አፋሯን መስኮቱ ጋ አስቀምጫታለሁ። እንዳሉት ነው፤ አትናገርም፣ ግን ታያለች።

እርሳስ በል ያዘዘኝን ልንገርዎ፣ ይሳቁ። «አንድ ቦርሳ ያዢና ከጨርቅነቱ ካርቶን እስኪገባ ድረስ ተከተዪው» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ጀመርኩ። ጨርቁ ከቆራጮቹ ወጥቶ ወደኛ መጣ፤ ጀርባው ተሰፋና ወለል ላይ ተኛ። ከዚያ ፎቅ ወጣ፣ ማንገቻ እስኪሠራለት ተኛ። ወረደ። ግቢውን አቋርጦ ስም ሊለጠፍበት ሄደ፤ እዚያም ተኛ። ተመልሶ መጣ። ደግሞ ተኛ። መርፌ የነካው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን ሲንከራተትና ሲያንቀላፋ ነው የፈጀው። ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ከትቼ ይህን ለባለቤቴ ብነግረው፣ «ቦርሳው ይህን ያህል ከተጓዘ ተማሪው ወዴት ሊሄድበት ነው?» አለኝ።

ስለዚህ የማንገቻ ማሽኖቹን ከፎቅ አውርደን ከእኛው ጎን ተከልናቸው። ማውረዱ ላይ ሴቶቹ ራሳቸው ነበሩ አንሺዎቹ፤ ወንዶቹ ደረጃው ላይ ቆመው አመራር ሰጡ።

ስለ መደርደሪያውና ስለ ክምርዎ የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ በሰፊው እመልሳለሁ፤ አሁን ወረቀቱ አጠረኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 19

ወረቀቱ አላጠረም። ግማሹ ባዶ ነበር።

ሾፌሩ ልጄ ጨርቅ ጭኖ ግቢያችሁ ገብቶ ነበር። አንቺን ለማግኘት ጊዜ አላገኘም፤ ዘበኛውን ግን አገኘው፣ ዘበኛው ደግሞ ወሬ ከሚያሳድር ሳይተኛ ቢያድር ይመርጣል። ክምሬ ፈረሰ። መደርደሪያዬ ተነቀለ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ መደርደሪያውን ለዘበኛው ሰጠሽው፤ ዶሮ አስፍሮበታል! ሟቹ ጌታ ፎቶ የተነሳበት መደርደሪያ ላይ ዶሮ!

ከምንም ከምንም ያንገበገበኝ መፍረሱ እንዳይመስልሽ። ከሰው አፍ መስማቴ ነው። እናትሽ ስትሞት ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ ልትነግሪኝ ፈራሽኝ? እኔ ነኝ የምፈራው?

ሰላምታ አልጻፍኩም። ሆን ብዬ ነው።


ኅዳር 30

ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ይቅር ይበሉኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር፤ ነቀዘ። የፈራሁት እርስዎን አይደለም፣ ሲያዝኑ ማየትን ነው። አሁን ግን ሁሉንም እነግርዎታለሁ፤ ተቆጥተውም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ክምሩን ያፈረስኩት በገዛ እጄ ነው። ከላይ ያለው ደህና ነበር። ወደ ሥር ስንወርድ ግን ማንም የማያዝዘው ቀለም ወጣ። ከእሱ ሥር ደግሞ ማንገቻ መያዣቸው ተገልብጦ የተሰፋ የቦርሳ ጀርባዎች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥፋት፣ አንድ እጅ የሠራቸው። የሰፋቻቸው ልጅ አግብታ አገር ከለቀቀች ቆይታለች። እትዬ፣ ያኔውኑ በመጀመሪያው ላይ ብናይባት ኖሮ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብለን ባቀናናት ነበር። ክምሩ ጥፋቷን ሸፈነላትና እሷም ሳትማር ሄደች፣ ጨርቁም ባከነ። እርስዎ ያንን አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ አላዩትም እንጂ።

አሁን በየጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አንድ አራት ማዕዘን ተሥሏል። እዚያ ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይቀመጣል። ቀጣይዋ ሰፊ አንስታ ሳትወስደው ሌላ አይሰፋም፤ እጅ ያርፋል። ጥፋት ያየች ሁሉ፣ ማንም ትሁን ማን፣ እጇን ታነሳለች፤ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ጥፋቱ ከምንጩ ሳይደርቅ ማሽን አይነሳም። ተርታሪዎቹ «ጥፋት ከጠፋ እኛ ምን ልንሆን ነው?» ብለው አለቀሱብኝ። ልክ ናቸው። ባለ ፋብሪካውን ጎትቼ አዳራሹ መሀል አቆምኩትና፣ በዚህ ሥራ የተነሳ ማንም እንደማይባረር በሁሉም ፊት በአፉ አስባልኩት። ምላጭ የያዘ እጅ መርፌ መያዝ አያቅተውም።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለዎ? ጠረጴዛው ሁሉ ጸዳ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሳጥን ስከፍት የተከመረ የቦርሳ ጀርባ ወደቀብኝ! ሌላዋ ከወንበሯ ሥር፣ ሌላዋ ከጋቢዋ ሥር፣ አንዷ መጸዳጃ ቤት መስኮት ላይ። አልሸሹም ዞር አሉ። ዕቃ ሰርቆ የሚደብቅ ሰው አይቻለሁ፤ ሥራ ሠርቶ የሚደብቅ ግን የት አገር አለ? ብለምን፣ ብቆጣ፣ ብስቅ አልተዉም። ለምን እንደሚደብቁ ቢገባኝ ግማሹ መንገድ ባለቀ ነበር።

ጥፋተኛዋ ልጅዎ


ታኅሣሥ 18

ለጉንዳን፣

«ጉንዳኔ» አላልኩም፣ ልብ በይ። ቁጣዬ አልበረደም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ አንቺ ለእኔ እስክሪብቶ አዋስሽኝ። ግን ሴቶቹ ምን አጠፉ?

ለምን ይደብቃሉ ላልሽኝ፣ ይህን ማን ይወቅ እኔ ካላወቅኩ። ሟቹ ጌታ ጠዋት ጠዋት ወለሉን በዱላው እያንኳኳ በአዳራሹ ያልፍ ነበር። ጠረጴዛዋ ባዶ የሆነች ሴት ፊት ይቆማል፤ አይሳደብም፣ አይቆጣም። «ነገ አትምጪ» ይላል፣ ያልፋል። እሷ ባዶ የሆነችው ጨርቅ ሳይደርሳት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ማን ይጠይቃል? ከዚያ ወዲህ ነው እያንዳንዷ ክምር መከመር የጀመረችው። የተከመረው ቦርሳ መስሎሽ ነበር? ጋሻቸው ነው። አንቺ ጋሻቸውን ቀምተሽ እጃችሁን አሳርፉ ስትያቸው፣ ጆሯቸው የሚሰማው «ነገ አትምጪ» የሚለውን ነው።

ስብከት ይቅር። መሀል አዳራሽ ማሽን ላይ ቁጭ በይ። ስፊ። አራት ማዕዘንሽ ሲሞላ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ባለ ፋብሪካው በሚያልፍበት ሰዓት ይሁን። ኃላፊዋ ባዶ እጇን ተቀምጣ ጌታው «ደህና ዋልሽ» ብሎ ሲያልፍ ዓይናቸው ካየ ያምናሉ። ዓይናቸው ካላየ የእርሳስ በልን እርሳስ ሁሉ ብትበዪው አያምኑሽም።

ይህን የምመክርሽ ለሴቶቹ ስል ነው። ለአንቺ ስል አይደለም።

አክስትሽ


ጥር 24

ለእትዬ፣

እንደመከሩኝ ተቀመጥኩ። ከባድ ነው! እጄ ራሱ ያሳክከኝ ጀመር። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው በጎን ዓይን ያዩኛል። ባለ ፋብሪካው መጣ፤ አስቀድሜ ምንም አልነገርኩትም ነበር፤ እንደ ተውኔት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ቆመ። «ምነው፣ አመመሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፤ ቀጣይዋ እስክትወስድልኝ ነው» አልኩት። አራት ማዕዘኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «ደግ» ብሎ አለፈ። በቃ።

በማግስቱ የማንገቻዋ ሰፊ እጇን አሳረፈች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ሳምንቱ ሳያልቅ ከየሳጥኑ፣ ከየወንበሩ ሥር፣ ከመጸዳጃው መስኮት የተደበቀውን ሁሉ እየሳቁ አወጡልኝ። አንዷ እንዲያውም ቤቷ ከወሰደችው መልሳ አመጣች፤ ቤቷ ድረስ! ልጆቿ ተኝተውበት ነበር አሉ።

አሁን እጅ ሲነሳ ማንም አይደነግጥም። የተርታሪዎቹ ክፍል እየጎደለ ነው፤ አለቃቸው ማንገቻ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጃገረድ ትፈጥናለች። ትዕዛዝ በቀኑ እየወጣ ነው። እርሳስ በልም ደስ ብሎት እርሳስ ማኘኩን ረስቷል። ግን ሚያዝያ እየቀረበ ነው፤ ባለ ፋብሪካው እስካሁን በአፉ አንድም ነገር አልተነፈሰም። ስለ ምክርዎ እግርዎን ስሜያለሁ። «ጉንዳኔ» እስኪሉኝ ድረስ ደግሞ አልለቅዎትም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 11

ለእትዬ፣

ቁጭ ይበሉ። መነጽርዎን ያድርጉ። ምራትዎንም ይጥሯት፣ ጮክ ብላ ታንብብልዎ!

ባለ ፋብሪካው በቀጠሮው ቀን መጣ፤ ከጎኑ ትልቁ ደንበኛችን ነበር፣ ለትምህርት ቤቶች የሚያከፋፍለው ሰውዬ። አዳራሹን ቢያዩት አያውቁትም። ወለሉ ይታያል! ከበር እስከ መስኮት ሰው ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ቦርሳው ከእጅ ወደ እጅ ይፈሳል። እኔ ኩራቴ አላስተነፈሰኝም፤ ዛሬስ ሳንካ ሳይገጥመን ዋልን እያልኩ በልቤ እጸልያለሁ። ጌታውና ሰውዬው መስኮቱ ጋ ደርሰው ቆሙ።

ዓይነ አፋሯ እጇን አነሳች።

ማሽኖቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። እትዬ፣ ያ ጸጥታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጸጥታ ማለት ድሮ መርዶ ነበር። ባለ ፋብሪካው ፊቱ ጠቆረ፤ እንግዳ ፊት! አለቀልን አልኩ። እሷ ግን፣ ያቺ ስሟን ስትጠራ እንኳ የምታፍረዋ፣ ብድግ ብላ ቆመችና፣ «የዚፑ ራስ ከጫፉ ይወልቃል። አዲሱ የዚፕ ካርቶን ነው» አለች። ቦርሳውን ለጌታው ሰጠችው። ሳበው፤ የዚፑ ራስ ወልቆ መዳፉ ላይ ቀረ።

ካርቶኑን ለይተን ለላከው እንዲመለስ አስወጣን፣ ሌላ ከዕቃ ክፍል መጣ፣ ተሞከረ፣ ማሽኖቹ ተነሱ። የተበላሸው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ የሚሸከሙት። ባለ ፋብሪካው የዚፑን ራስ እያገላበጠ፣ «ድሮ ቢሆን ይህን መቼ ነበር የምናውቀው?» አለ። የተርታሪዎቹ አለቃ ከማንገቻው ላይ ቀና ብላ፣ «እኔ ጋ ሲደርስ ነዋ ጌታዬ! ምላጬን ስዬ እየጠበቅኩት!» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ደንበኛው ግን አልሳቀም። ዓይነ አፋሯን ትክ ብሎ እያየ፣ «ስንት ፋብሪካ ዞሬያለሁ፤ እኔ ቆሜ እያለሁ ጥፋቱን ያሳየኝ የለም። ሁሉም የሚደብቀኝ ነው» አለ። ለሚመጣው ዓመት ያለውን ትዕዛዝ በሙሉ ለእኛ ሊሰጥ እዚያው ተጨባበጡ።

ከዚያ ባለ ፋብሪካው ምን እንዳለ ልንገርዎ። ክምር ስለሌለን ግቢው ውስጥ ያለው መጋዘን ባዶ ቆሟል። «አዳራሹን መጋዘን አደርገዋለሁ ብያችሁ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። መጋዘኑን አዳራሽ እናደርገዋለን» አለ። እልልታው ዘበኛውን ከበር አስሮጠው! ተቃቀፍን። ዓይነ አፋሯን ተሸክመው አዞሯት፤ «አውርዱኝ፣ ማሽኔ ቆሟል» እያለች። እኔ ግን የምትወላገደው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማንም አልወጣም፣ እትዬ። ማንም!

ለአዲሱ አዳራሽ አዳዲስ ሰፊዎች ልንቀጥር ነው። የሚያስተምራቸው ሰው እየፈለግን ነው።

ደስታዋን የት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ልጅዎ


ሚያዝያ 29

ለስፌት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ሥራ እንድቀጠር ስለመጠየቅ

አመልካች ከላይ በርዕሱ በተጠቀሰው መሠረት፣ በአዲሱ የስፌት አዳራሽ በአስተማሪነት ለመቀጠር ያለኝን ፍላጎት በትሕትና እገልጻለሁ። ዕድሜዬ ጡረታ ቢወጣም እጄ አልወጣም። ጆሮዬ እምብዛም አይሰማም፤ ሆኖም ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እጅ ሲነሳ ለማየት ጆሮ አያስፈልግም። የሥራ ልምዴን በተመለከተ፣ ዛሬ የሚመሯቸውን ሴቶች በሙሉ ያሠለጠንኩ ስሆን፣ ከሥራዬ ሁሉ የተዋጣልኝ ግን እርስዎን ማሳደጌ ነው።

ክምርን በሚመለከት ያለኝ አቋም እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ክምሬ በዘመኑ ሰው አትርፏል፤ በዚህ አላፍርም። በአሁኑ ዘመን ግን የሚያተርፈው ሌላ ነገር መሆኑን አምኛለሁ። ጠረጴዛዬ ባዶ ሆኖ «ነገም ነይ» የሚለኝ አለቃ አገኝ እንደሆነ፣ ሥልጠናውን እንደማንኛውም ጀማሪ ከእርሳስ በል ለመማር ፈቃደኛ ነኝ። ወንበሯ የእርስዎ ስለሆነች አልጠይቅም።

ኧረ ይህን አፍ ምን አመጣብኝ፣ ጉንዳኔ! ምራቴ ስታነብልኝ «ማንም አልወጣም» ላይ ስትደርስ አስቆምኳትና ደግማ እንድታነብ አደረግኳት። ደግማ አነበበች። ከዚያ እኔ ራሴ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። በዘመኔ ስንቷን «ነገ አትምጪ» ስትባል በር ድረስ ሸኝቻለሁ፤ አንዷን እንኳ መመለስ አልቻልኩም። አንቺ ሁሉንም አስቀረሻቸው። ኮራሁብሽ፣ ልጄ፤ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

መልሱን በደብዳቤ አትላኪው፤ አይደርሰኝም። ሻንጣዬን አስሬያለሁ፣ ሾፌሩ ሐሙስ ያመጣኛል። ከግቢው በር ላይ ተቀበይኝ።

አመልካች፣
አክስትሽ